ወላጆች በመንከባከቢያ ተቋም ምግብ ሲጠሉ፦ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአፍ ጤና

በሎስ አንጀለስ ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ ወደ ደቡብ በሚወርደው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል፣ ግራና ቀኙን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብሮች ተደርድረዋል። የከተማዋ ምክር ቤት ይህን ሰፈር እአአ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ሲል በይፋ ሰይሞታል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከአብዮቱና ከጦርነቱ ሸሽተው ወደ ከተማዋ የመጡት ስደተኞች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ልጆቻቸው ኋላ ላይ ያመጧቸው እናቶችና አባቶችም ከእነርሱ ጋር አርጅተዋል።

ከእነዚህ አረጋውያን አብዛኞቹ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ስትሮክ፣ የመርሳት ሕመም ወይም የዳሌ ስብራት ሲያጋጥም ግን፣ ልጆች ከሥራ ቀርተው ሌት ተቀን ማስታመም ስለማይችሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም፣ በተለምዶ «ነርሲንግ ሆም» ወደሚባለው ስፍራ ይገባሉ። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ተቋማት አሉ።

ቤተሰብ ለጥየቃ ሲሄድ ከፌርፋክስ ያስቋጠረውን እንጀራና ወጥ ይዞ ይሄዳል። ምግቡ ሳይነካ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ዕድሜ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን የጥርስ ሕመም፣ የደረቀ አፍ፣ የቆሰለ ድድ ወይም ልኩ የተበላሸ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምግብ ፍላጎትን ሊያጠፋ ይችላል። እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ ያላቸው ችግሮች ናቸው። የሚያስፈልገው አፍን ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው።

የአፍ ጤናና የኑሮ ጥራት

የአፍ ጤና የሚለካው በቀሩት ጥርሶች ቁጥር ብቻ አይደለም። እአአ በ1990 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ካትሪን አቺሰን ከባልደረባቸው ቴሬሳ ዶላን ጋር 12 ጥያቄዎች ያሉት የአረጋውያን የአፍ ጤና መመዘኛ አዘጋጅተዋል። መመዘኛው ዛሬ በበርካታ አገሮች በየቋንቋው ተተርጉሞ በሥራ ላይ ይገኛል።

ጥያቄዎቹ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው። በጥርስዎ ምክንያት የምግቡን ዓይነት ወይም መጠን ይቀንሳሉ? እንደ ልብዎ መዋጥ ይችላሉ? እንደሚፈልጉት መናገር ይችላሉ? በሰው ፊት መብላት ያሳፍርዎታል? ከሰው ጋር መቀላቀል ቀንሰዋል?

ለኢትዮጵያውያን አረጋውያን እነዚህ ጥያቄዎች የተለየ ክብደት አላቸው። ምግብ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚበላ፣ ጉርሻ የፍቅር መግለጫ የሆነበት፣ ቡና ከነቁርሱና ከነጨዋታው የሚጠጣበት ባህል ውስጥ ያደጉ ናቸው። ቆሎ መቆርጠም የተሳነው ሰው ያጣው ቆሎውን ብቻ አይደለም፤ ከቡናው ዙሪያ ወግም ይርቃል። የአፉ ሽታ ያሳፈረው ሰው ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል፤ ቃላቱ የሚኮላተፉበት ሰውም ዝምታን ይመርጣል። ይህን የሚያይ ቤተሰብ ነገሩን ከእርጅና ወይም ከመርሳት ሕመም ጋር ሊያያይዘው ይችላል።

ከአፍ እስከ ሳንባ

የአፍ ንጽሕና መጓደል መዘዙ ከአፍ ያልፋል። በጥርስና በምላስ ላይ የሚከማቹት ባክቴሪያዎች ከምራቅና ከምግብ ቅንጣት ጋር ተቀላቅለው፣ መዋጥ በሚቸግራቸው ሰዎች ላይ ወደ አየር ቧንቧ ሊገቡ ይችላሉ። ውጤቱ የሳንባ ምች ነው። በሽታው በመንከባከቢያ ተቋማት ነዋሪዎች ላይ ለሆስፒታል መግባትና ለሞት ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

በጃፓን በ11 ተቋማት በሚኖሩ 417 አረጋውያን ላይ ለሁለት ዓመት ተካሂዶ እአአ በ2002 የታተመ ጥናት ይህን ግንኙነት በግልጽ አሳይቷል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጥርሳቸው ከሚቦረሽላቸውና በየሳምንቱ የጥርስ ባለሙያ ከሚያያቸው መካከል 11 በመቶው በሳንባ ምች ተይዘዋል። ይህ እንክብካቤ ካልተደረገላቸው መካከል ደግሞ 19 በመቶው ታመዋል። የሞት ቁጥሩም እንክብካቤ ባልተደረገላቸው ላይ ከፍ ያለ ነበር።

በዚያው አገር እአአ በ2015 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙ በጣም ያረጁ ሰዎች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው አውልቀው ከሚተኙት በእጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አመልክቷል።

ማስረጃው ሁሉ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያመለክት አይደለም። በአሜሪካ ኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በመንከባከቢያ ተቋማት የተካሄደ ሙከራ፣ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ የአፍ መድኃኒትን ከአመጋገብ አቀማመጥ ማስተካከያ ጋር አጣምሮ ቢሰጥም የሳንባ ምችን መቀነስ አልቻለም። በሰሜን ካሮላይና በ14 ተቋማት ሠራተኞችን በአፍ እንክብካቤ ያሠለጠነ መርሐ ግብርም በመጀመሪያው ዓመት በሽታውን የመቀነስ ምልክት ቢያሳይም፣ ውጤቱ በሁለተኛው ዓመት አልዘለቀም። ባለሙያዎች ከእነዚህ የሚወስዱት ትምህርት፣ የአንድ ሰሞን ዘመቻ በየዕለቱ የሚደረገውን ብሩሽ እንደማይተካ ነው።

የስኳር ሕመም ላለባቸው ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የድድ ኢንፌክሽን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለመቆጣጠር አዳጋች ያደርገዋል። ከፍ ያለ ስኳርም በተራው የድዱን ሕመም ያባብሰዋል።

በተቋማቱ ችግሩ ለምን ይበረታል?

የመጀመሪያው ምክንያት መድኃኒት ነው። ለደም ግፊት፣ ለድባቴ፣ ለአለርጂና ሽንትን ለመቆጣጠር የሚታዘዙ በርካታ መድኃኒቶች ምራቅን ያደርቃሉ። ምራቅ ጥርስን ከአሲድ የሚጠብቅና አፍን የሚያጥብ በመሆኑ፣ ሲደርቅ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ሰው ሠራሽ ጥርስም አፍ ላይ አልቀመጥ ይላል። በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ዕድሜ ልክ ሲበላ የኖረ ሰው እንኳ፣ በደረቀ አፍ ውስጥ እንደ እሳት ያቃጥላል።

ሁለተኛው የመርሳት ሕመም ነው። ታማሚው ብሩሽ ሲቀርብለት ምን እንደሆነ ላይገባው፣ አፉን ሊገጥም ወይም የተንከባካቢውን እጅ ሊገፋ ይችላል። ሕመሙንም በቃላት መግለጽ ስለማይችል፣ የጥርስ ሕመሙ በቁጣ፣ በእንቅልፍ ማጣት ወይም ጉንጭን በመያዝ ይገለጣል።

ሦስተኛው የሠራተኛ ጊዜ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ተቋማቱ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.5 ሰዓት ቀጥተኛ እንክብካቤ እንዲመድቡ ያዛል፤ ከዚህም 2.4 ሰዓቱ በረዳት ነርሶች የሚሰጥ መሆን አለበት። ገላ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ ከአልጋ ማንሳትና ወደ መጸዳጃ መውሰድ ሁሉም ከዚሁ ጊዜ ላይ ይቀነሳሉ። ያልታጠበ ገላና ያልተቀየረ ልብስ ወዲያው ይታያሉ፤ ያልተቦረሸ ጥርስ ግን ከከንፈር ጀርባ ተሸፍኖ ይቆያል።

ሐኪሙ የማያውቀው አፍ

ከኢትዮጵያ የመጡ አረጋውያን አፍ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የማያውቅ ባለሙያም ሊሳሳት ይችላል። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎች አካባቢዎች ያደጉ በርካታ እናቶች በወጣትነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ለውበትና ድድን ያጠነክራል በሚል እምነት የተደረገው ይህ ንቅሳት ድዱን ያጠቁረዋል። ነገሩን አይቶ የማያውቅ ሐኪም ወይም ነርስ እንደ በሽታ ሊቆጥረው ይችላል። በሌላ በኩል ጥቁረቱ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን፣ እውነተኛ ሕመም ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ቤተሰብ ንቅሳቱ በሕክምና መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ማድረጉ ለሁለቱም ስሕተት መከላከያ ነው።

በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለምም እንዲሁ ነው። መነሻው በልጅነት የተጠጣ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ እንጂ የንጽሕና ጉድለት አይደለም።

የጥርስ መፋቂያም ሊነሳ ይገባዋል። ከወይራና ከሌሎች ዛፎች የሚቆረጠው መፋቂያ በትክክል ከተጠቀሙበት ቆሻሻን ያስወግዳል። እጃቸው ለሚታዘዛቸውና መዋጥ ለማይቸግራቸው አረጋውያን የቆየ ልማዳቸውን መቀጠል ክብራቸውን መጠበቅ ጭምር ነው። ሆኖም መፋቂያው እንደ ጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ አይሰጥም። የመዋጥ ችግር ወይም የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የተሰበረ ስንጥር ጉሮሮ ላይ ሊቀር ስለሚችል አይመከርም።

ጾምም የራሱ ሥርዓት አለው። አንዳንድ ጾመኞች እስከ ጾም መፍቻ ሰዓት ውኃ ወደ አፋቸው ማስገባት አይፈልጉም። ተንከባካቢው ይህን ካላወቀ ጠዋት ብሩሽ ያልተቀበለውን ሰው «እምቢተኛ» ብሎ መዝግቦ ያልፋል። ቤተሰብ አስቀድሞ ቢያስረዳ ግን የመቦረሻው ሰዓት ወደ ማታ ሊዘዋወር ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ቋንቋና ይሉኝታ ነው። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ነርሷ ስትገባ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ነርሷም ደኅና ናቸው ብላ ትወጣለች። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ የሚያመው ጥርስ ራሱ ለጠያቂው ይስቃል። ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ሲሉ ለእነርሱም ሕመማቸውን የማይናገሩ ጥቂት አይደሉም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ኮንግረስ እአአ በ1987 ያወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ፣ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት እያንዳንዱ ነዋሪ ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ የጤናና የኑሮ ደረጃ ላይ እንዲቆይ የማድረግ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በዚህ መሠረት አንድ ሰው ወደ ተቋም በገባ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። የአፍና የጥርስ ሁኔታም በቅጹ ላይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ነዋሪው የሚመርጠው ቋንቋና አስተርጓሚ ያስፈልገው እንደሆነም በዚያው ቅጽ ይጠየቃል።

የፌደራሉ ደንብ ስለ ጥርስ ሕክምና የሚከተሉትን ይደነግጋል፦

• ተቋሙ ነዋሪው መደበኛና በማንኛውም ሰዓት አስቸኳይ የጥርስ ሕክምና እንዲያገኝ መርዳት፣ ቀጠሮ በማስያዝና መጓጓዣ በማመቻቸትም መተባበር አለበት።

• ሰው ሠራሽ ጥርሱ የጠፋበት ወይም የተሰበረበት ነዋሪ በ3 ቀን ውስጥ ወደ ጥርስ ሕክምና መመራት አለበት። ይህ ካልሆነ ተቋሙ ሰውየው በአግባቡ እንዲበላና እንዲጠጣ በመሃሉ ምን እንዳደረገና የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ ማስፈር ይጠበቅበታል።

• ተቋሙ ሰው ሠራሽ ጥርስ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር በምን ሁኔታ ራሱ ኃላፊነቱን እንደሚወስድ የሚገልጽ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። ኃላፊነቱ የራሱ በሆነበት ጊዜም ነዋሪውን ማስከፈል አይችልም።

የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታም አለባቸው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም ማስገደድ አይፈቀድም። ይህ በአማርኛም የሚሠራ መብት ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

ብዙ ቤተሰቦችን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። በዕድሜ ለገፉ የተቋቋመው ሜዲኬር እአአ በ1965 ሲመሠረት ጀምሮ መደበኛ የጥርስ ሕክምናን፣ ሙሌትንና ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ አካል ንቅለ ተከላና የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ካሉ አገልግሎቶች ጋር በቀጥታ ለተያያዘ የጥርስ ሕክምና ብቻ በሩ ተከፍቷል። የግል ኩባንያዎች የሚያቀርቡት የሜዲኬር ዓይነት አንዳንድ የጥርስ ጥቅሞች ሊኖሩት ይችላል፤ መጠኑ ግን ከውል ውል ይለያያል።

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የተዘጋጀው ሜዲ-ካል ግን የጥርስ ሕክምናን ይጨምራል። ክፍለ ግዛቱ በገንዘብ ቀውሱ ወቅት እአአ በ2009 የአዋቂዎችን የጥርስ ሽፋን በአብዛኛው አቋርጦ ነበር። በ2014 በከፊል፣ በ2018 ደግሞ ሙሉ በሙሉ መልሶታል። ዛሬ ምርመራን፣ ማጽዳትን፣ ሙሌትን፣ መንቀልንና ሰው ሠራሽ ጥርስን ይሸፍናል። የ1,800 ዶላር ዓመታዊ ጣሪያ ቢኖረውም፣ ጣሪያው ፈቃድ ባላቸው የመንከባከቢያ ተቋማት ለሚኖሩ ሰዎች አይሠራም።

ሽፋኑ ግን ከፖለቲካ ውሳኔ ውጪ አይደለም። ካሊፎርኒያ ሜዲ-ካልን ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በ2022፣ ለሁሉም አዋቂዎች ደግሞ በ2024 ከፍቶ ነበር። በ2025 የጸደቀው በጀት በአንጻሩ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ የእነዚህ አዋቂዎች አዲስ ምዝገባ እንዲቆም፣ ከዓመቱ አጋማሽ ጀምሮም የጥርስ ጥቅማቸው እንዲቋረጥ ወስኗል። ስለሆነም የወላጆቻቸው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ገና ያልተቋጨ ቤተሰቦች ሽፋናቸውን በየጊዜው ማጣራት ይኖርባቸዋል።

ታማሚውን ወደ ክሊኒክ ማንቀሳቀስ ሲከብድም አማራጭ አለ። ካሊፎርኒያ ልዩ ሥልጠናና ፈቃድ ላላቸው የአፍ ንጽሕና ባለሙያዎች ወደ መንከባከቢያ ተቋማትና ወደ ቤት ሄደው እንዲያጸዱ ትፈቅዳለች። ተቋሙን «ወደዚህ የሚመጣ የጥርስ ባለሙያ አለን?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

እአአ በ2005 በአውስትራሊያ የታተመና የጥርስ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት መመዘኛ ስምንት ነገሮችን እንዲታዩ ያዛል። እነርሱም ከንፈር፣ ምላስ፣ ድድ፣ ምራቅ፣ የተፈጥሮ ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአፍ ንጽሕናና የሕመም ምልክት ናቸው። ጠያቂ ቤተሰብም በወር አንድ ጊዜ፣ በወላጁ ፈቃድና በጥሩ ብርሃን፣ እነዚህን ማየት ይችላል። የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ነጭ ሽፋን ያለው ምላስ፣ የሚደማ ድድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ለነርስ መንገር ያስፈልጋል።

ጥርስ በፍሎራይድ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ አለበት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይወልቃል፤ ተቦርሾም ውኃ ውስጥ ያድራል። ስም እንዲጻፍበት ማድረግ ደግሞ ከአንሶላ ወይም ከምግብ ሳህን ጋር ተጠቅልሎ እንዳይጠፋ ይረዳል። ጥርስ ጨርሶ የሌለው ሰውም ድዱና ምላሱ በየዕለቱ መጽዳት አለባቸው። የመርሳት ሕመም ላለበት ወላጅ ከፊት ለፊት ሆኖ በሚያውቀው ቋንቋ ቀስ ብሎ ማስረዳት፣ ከተቻለ ብሩሹን በራሱ እጅ አስይዞ እጁን መምራት፣ እምቢ ካለም ጥቂት ቆይቶ መመለስ ይመከራል።

ስለ ምግብም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ምን ዓይነት ምግብ እንደሚበላ በሐኪም ስለሚታዘዝ፣ ከቤት የመጣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ነርሷን መጠየቅ ግድ ነው። በፍቅር የተሰጠ ትልቅ ጉርሻ ሊያንቅ ይችላል። ከተፈቀደ ግን በደንብ የራሰ የአልጫ ፍትፍት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ወይም አጥሚት ለደረቀና ለታመመ አፍ ይቀልላል።

ወላጆቻቸውን በቤት ለሚንከባከቡም ሕጉ ዝም አላለም። ክፍለ ግዛቱ ብቁ ለሆኑ የሜዲ-ካል ተጠቃሚዎች ተንከባካቢ፣ የቤተሰብ አባልም ቢሆን፣ የሚከፍልበት የቤት ውስጥ ድጋፍ ፕሮግራም ሰዓት ሲተምን የአፍ ንጽሕናን ከገላ መታጠብ ጋር በስም ይቆጥረዋል። ገምጋሚው ሲመጣ ወላጅ ጥርሱን ለመቦረሽ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መናገር የተፈቀደውን ሰዓት ሊለውጥ ይችላል።

ነዋሪውና እርሱ የሚፈቅድለት የቤተሰብ አባል በእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ላይ የመገኘት መብት አላቸው። የአፍ እንክብካቤ በዕቅዱ ላይ እንዲሰፍር የሚጠየቀው እዚያ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ብሩሽ እንደሚያጸዳ ተጽፎ ከተገኘ ቆይቶ ለመጠየቅም ይመቻል።

የሜዲ-ካል የጥርስ አገልግሎት በ1-800-322-6384 በአስተርጓሚ ጭምር ይሰጣል። ተቋሙ ጥያቄን ችላ ካለ ደግሞ የካሊፎርኒያ የአረጋውያን እንክብካቤ እንባ ጠባቂ በ1-800-231-4024 ሌት ተቀን ይገኛል። እንባ ጠባቂው አቤቱታን ያለ ክፍያ ተቀብሎ ይመረምራል፤ የነዋሪውን ስምም ያለ ፈቃዱ አይገልጥም። ደዋዩ «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።